የሰዓት ሠሪው የመጀመሪያ ጥያቄ

ሰዓት ሠሪውን ያገኘኋቸው በፖሊስ ጣቢያው ደረጃ ላይ ነው። ክሱን ጽፈው ጨርሰዋል፤ የቀረው ፊርማ ነው። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሱቃቸውን መስታወት በድንጋይ አድቅቃባቸዋለች።

«ጋሼ፣ ከመፈረምዎ በፊት የሰፈሩ ሸንጎ ይስማት» አልኳቸው። እኔ መምህር ነኝ፤ የሸንጎውም ጸሐፊ፤ አምስት ጎረቤቶች ያጠፉ ልጆችን ከፍርድ ቤት በፊት ይሰማሉ።

«ሸንጎ! እርጥብ እንጨት በጊዜው ካልተቃና፣ ሲደርቅ ይሰበራል።»

«እውነት ነው። እስር ቤት ግን ያደርቃል እንጂ አያቃናም።»

«አንተን መምህር በምላስ ማን ይችልሃል!»

«በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው ጥያቄ የተበዳዩ ነው። ካልረኩ ወረቀቱ ኪስዎ ውስጥ ነው።»

«እስከ ሐሙስ ይቆያል። ከሐሙስ አያልፍም።»

ሐሙስ ዕለት በቤተ መጻሕፍቱ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ልጅቱ ከእናቷ ጎን ሆና ጫማዋን ታያለች። ሰብሳቢዋ፣ አዋላጅ ነርስ ናቸው፣ «ጋሼ፣ ይጠይቁ» አሉ።

ሽማግሌው ሦስት ቀን ሙሉ ቁጣ ሲሰንቁ ሰንብተው ነበር። ከአፋቸው የወጣው ግን ሌላ ነው፦ «ምን አድርጌሽ ነው?»

«የአባቴን ሰዓት ከለከሉኝ። ከቀብሩ በኋላ ሦስቴ መጣሁ፤ ሦስቴም ‹ደረሰኝ አምጪ› አሉኝ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ደረሰኙ በኮቱ ኪስ ነበር፤ አብሮት ተቀበረ።»

ዓይኑ በአጉሊ መነጽር የዋለ ሰው ጥርሱ የተሰበረ መዘውር አያመልጠውም፤ ፊቱ የቆመ ልጅ ግን ያመልጠዋል።

«ምልክቱ?» አሉ ሽማግሌው።

«ከጀርባው ስሜ ተቀርጿል።»

ሽማግሌው ብድግ ብለው ወጡ። ወደ ጣቢያው ሄዱ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ሩብ ሰዓት ቆይተው እያለከለኩ ተመለሱና ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሞልተውታል፤ ምቱ ክፍሉን ሞላው።

«ከተሠራ ቆይቷል፤ መሳቢያ ውስጥ ረስቼው ነው። ይህ ጥፋት የእኔ ነው። ድንጋዩስ?»

«የእኔ ነው» አለች ልጅቱ፤ አሁን ዓይን ለዓይን እያየቻቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። መስታወቱን ሠርቼ እተካለሁ።»

«ጸሐፊ፣ ጻፍ፤ ሦስት ወር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ትሠራለች። ለእኔም ጨምርልኝ፦ ደንበኛ ሲገባ መነጽሬን አውልቄ አነጋግራለሁ።» ክሱንም አራት ቦታ ቀደዱት።

ሦስቱ ወር አለፈ። አዲሱን መስታወት ከባለሙያው ጋር ይዛ የገጠመችው እሷ ናት፤ ትምህርቷም አንድ ቀን አልተጓደለም። ዛሬ ጠዋት የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ በአንድ ልጅ ላይ ክስ ይዞ ወደ ጣቢያው ሲገሰግስ፣ ደረጃው ላይ የጠበቁት ሰዓት ሠሪው ነበሩ።

«ወንድሜ፣ የእኔዋ ታስራ ቢሆን መስታወቱም ሰዓቱም ልጅቱም በጠፉ ነበር። አሁን ሦስቱም አሉ። ወረቀቱን ኪስህ ክተተውና ና፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው አንተ ነህ።»