አዘዞ ሜዳ ላይ ፍሪሲዮን የለቀቅሁ ዕለት

በእኛ ጊዜ ማኪና መንዳት እንደ ዛሬው ቁልፍ አዙሮ መፈትለክ አልነበረም። ጎንደር ላይ ማኪና ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል፣ ሾፌር ሲያልፍ ሰው ከደጁ ወጥቶ ያያል። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሁኖታል፣ ንጉሡ ተመልሰዋል፣ እና እኔ ከጭልጋ መጥቸ ግራዝማች ደስታ ከሚባሉ እህል ነጋዴ ቤት ገባሁ። ጣሊያን ጥሏት የሄደ አንዲት ትንሽ ማኪና ነበረቻቸው። ሁለት ዓመት አጠብኋት፣ ከዚያ መንዳትም ተማርሁ።

ታዲያ ከአስመራ ኪዳኔ የሚባል ሾፌር ሥራ ፈልጎ መጣ። ጫማው ያብለጨልጫል፣ ከከንፈሩ ሲጋራ አይጠፋም። መጣና ግራዝማችን «ጌታዬ፣ ይኼ ባላገር ማኪናዎን ይፈጃታል» አላቸው። እውነቱን ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ከቆመችበት ላስነሣት ስል ፍሪሲዮኑን፣ ያው በግራ እግር የሚረገጠውን፣ ድንገት እለቀዋለሁ፤ እና እንደ ፍየል ዘላ ቀጥ፤ ሞተሩም ጥፍት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ግራዝማችንና ባለቤታቸውን አሳፍሬ እንዲሁ ዘለለች፣ የእመቤቲቱ ግንባር ከመስታወቱ ተላተመ። ሰው ሳቀ። ሳቀ ስላችሁ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ።

ግራዝማች ተቆጡ፣ ግን ፍርድ አዋቂ ናቸው። «ስማ፣ የጥምቀት ማግስት አዘዞ ሜዳ ላይ ፈረሰኞቹ ጉግሱን ሲጨርሱ አንተና ኪዳኔ ትገጥማላችሁ። የአማቼ ማኪና የዚችው እኩያ ናት። ከቆማችሁበት ተነሥታችሁ እስከ ዋርካው። የቀደመ መሪዬን ይይዛል፣ የተቀደመ ወደ መጣበት ይመለሳል» አሉ። ዋርካው ደግሞ ቅርብ ነው፣ ነገሩ ሁሉ አነሣሡ ላይ ነው። እኔ ወደ መጣሁበት ማለት እርሻ ነው። እርሻ ነውር ሁኖ አይደለም፤ ግን ለአገሩ ሁሉ ሾፌር ሁኛለሁ ብያለሁ፣ ሚስትም የታጨችልኝ በሾፌርነቴ ነው። በምን ፊቴ ልመለስ?

ለገና ጭልጋ፣ አይከል ሂጀ ለአባቴ አጫወትሁት። አባቴ ማኪና ላይ ወጥቶ አያውቅም።

«እስቲ ያ በግራ እግርህ የምትረግጠው ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ስረግጠው ሞተሩንና ጎማውን ያለያያል፣ ስለቀው ያገናኛቸዋል።»

«ጥማድ ነዋ» አለ። «ምነው ታዲያ ሳይወጠር ትገርፋለህ? በሬ እንደተጠመደ ብትገርፈው ደንብሮ ሞፈር ይሰብራል። መጀመሪያ ቀስ ብለህ ሳብ ታደርገዋለህ፣ ጠፍሩ ይወጠራል፣ በሬው ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ክብደቱን ይቀበላል። ያን ጊዜ ጅራፍ።»

እና ተመልሸ በየጧቱ ጫማዬን አውልቄ፣ መርገጫውን በባዶ እግሬ እየዳሰስሁ ተለማመድሁ። ልንገራችሁ፣ ፍሪሲዮን ከታች ቶሎ ይለቀቃል፣ መሐል ላይ ሲደርስ ግን ሞተሩ ድምፁን ያወፍራል፣ የማኪናዋ አፍንጫ ቀና ይላል፣ ውስጥ እግርህን የሚኮረኩር ነገር ይመጣል። እዚያ ላይ ያዝ! ጠፍሩ የተወጠረ እዚያ ላይ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፣ ፈረሶቹ ገና ላባቸው አልደረቀ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ኪዳኔ በመስኮት አየኝና፣ «ምነው፣ ልትታጠብ ነው?» አለ፤ ሰዉ አውካካ። እኔ የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቻለሁ፣ ቤንዚን ጥቂት ብቻ ሰጥቸ ፍሪሲዮኑን መሐል አደረስሁት። እግሬን ኮረኮረኝ። ያዝሁ። ኪዳኔ ግን ቩም ቩም ቩም ያደርጋታል፣ ሜዳው በጢስ ታጠነ።

ግራዝማች ኩታቸውን ከፍ አድርገው ያዙና ለቀቁት። እኔ የእጅ ፍሬኑን ፈታሁ፣ ግራ እግሬን በቀስታ አነሣሁ፣ ቀኙን ተጫንሁ፣ እና ማኪናዋ ያለአንዳች ዝላይ ሄደችልኛ! ኪዳኔ ፍሪሲዮኑን ጥርግ አድርጎ ለቀቀው፤ ጎማው እዚያው በቆመበት ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ አቧራ ዋጠው። በኋላ መሬት ያዘለትና መጣ። እንዴት አድርጎ መጣ መሰላችሁ፤ ዋርካው ስር የማኪናው አፍንጫ ከእኔዋ በር ትይዩ ነበር። ግን መንገዱ አለቀ። እኔ ቀደምሁ።

ወርዶ አቧራውን እያራገፈ መጣ። «የት ተማርህ? አስመራ ነበርህ እንዴ?» አለኝ።

«አባቴ ነው ያስተማረኝ።»

«አባትህ ምን ይነዳል?»

«ሁለት በሬ» አልሁት። የምቀልድ መስሎት ፊቴን አየ፣ አየና ሳቀ፣ እጁን ሰጠኝ። ሸጋ ሰው ነበር፣ እንጀራ ነው ያጣላን። መሪውን ያዝሁ፣ በዚያው ዓመት አገባሁ፣ ከዚያ ወዲያ ሊማሊሞን ጭነት ይዠ ስወጣ ስወርድ ኑሬ አንድ ፍሪሲዮን አላቃጠልሁም። አንድ! ኮራሁ፣ ዛሬም እኮራለሁ፣ ምነው አልኮራ?

ሲያዳምጥ የቆየው፣ ታክሲ የሚነዳው የሽማግሌው የልጅ ልጅ ይኼን ጊዜ፣ «አያ፣ የእኔዋ ማኪና እኮ ፍሪሲዮን የሚባል የላትም። ማርሹንም ራሷ ናት የምትቀይረው» አላቸው።

ሽማግሌው ረጋ ብለው አዩት። «ታዲያ ምኑን ነዳኸው ልጄ? ተሳፈርህ እንጂ።»