የ46 ቁጥር ቤት ያልታጠበ ደረጃ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ሬኔል ቦርድሊ
ዕድሜ፦ 27
ሥራ፦ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት
የትምህርት ደረጃ፦ ማስተርስ ዲግሪ
አድራሻ፦ ሜሪላንድ፣ ፖርት ሃርላን ከተማ፣ ኩፐር ጎዳና፣ የቤት ቁጥር 38
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ቅዳሜ ኦክቶበር 14 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ሳጅን አይሪን ኮቫክ

ዛሬ ጠዋት በኩፐር ጎዳና 46 ቁጥር ቤት ደጃፍ ላይ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኔ ስላየሁ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ጎረቤቴ ሚስተር ሉሺየስ ቶሊቨር፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ «በሰው ደጃፍ አጠራጣሪ ዕቃ በማስቀመጥና የፖሊስ ትእዛዝ ባለመፈጸም» ተብለው ተይዘዋል። ይህን በምናገርበት ሰዓት ከዚህ ክፍል ግድግዳ ማዶ ታስረው ይገኛሉ። ክሱ ተሰርዞ ዛሬውኑ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ እጠይቃለሁ። ቃል ተቀባይዋ ሳጅን በምስክር ቃል ውስጥ ጥያቄ እንደማይጻፍ ነግረውኛል። እኔም ካልተጻፈ አልፈርምም በማለቴ ተጽፏል። በተጨማሪም ምስክር እየተባልኩ ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት እጄ በካቴና ታስሮ መሆኑ ይመዝገብልኝ።

የተወለድኩትም ያደግሁትም 38 ቁጥር ነው። የእኛ ጎዳና ቤቶች ግድግዳ የተጋሩ ናቸው። እያንዳንዱ ቤት በሩ ፊት ሦስት የነጭ እብነ በረድ ደረጃ አለው። ቅዳሜ ጠዋት ደረጃ ይታጠባል። በሙቅ ውሃ፣ በነጭ የማጠቢያ ዱቄትና በቡሩሽ፣ ተንበርክኮ፣ ከላይ ወደ ታች። በጎዳናው ላይ ካለማጠብ ይልቅ ቤተ ክርስቲያን አለመሄድ ይቀላል። አንድ ቤት ሳይታጠብ ከቀረ እዚያ ቤት ሰው ታሟል ወይም ሐዘን ገብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ማንም በር አያንኳኳም፣ ምን ሆናችሁ ብሎም አይጠይቅም። ጎረቤት ደረጃውን አጥቦ፣ የሚበላ ነገር በሳህን አስቀምጦ ይሄዳል። የታመመው ሲሻለው ሳህኑን ይመልሳል፣ ደረጃውንም ራሱ ያጥባል። እናቴ ሆስፒታል በተኛችበት ክረምት የእኛን ደረጃ ያጠቡት ሚስተር ሉሺየስ ነበሩ። በረዶ እየጣለ።

ሰፈራችን «ታሪካዊ ሰፈር» ተብሎ ከተሰየመ ወዲህ ብዙ ባዶ ቤቶች ታድሰዋል። መታደሳቸውን አልጠላሁም፤ ጣሪያቸው በወደቀ ቤቶች መካከል ነው ያደግሁት። ዓሣ ይሸጥበት የነበረው ሱቅ አሁን ሻማ ብቻ ይሸጥበታል። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሚስ ጀርዲን «እነዚህ ሰዎች ቤት መብራት አልገባም እንዴ?» ይላሉ። በጎዳናው ጥግ ላይ ቤቶቹን አድሶ የሚሸጠው ድርጅት ትልቅ ማስታወቂያ ሰቅሏል። በማስታወቂያው ላይ አንዲት ጥቁር ሴት ተንበርክካ ነጭ ደረጃ ስታጥብ የሚያሳይ የድሮ ፎቶግራፍ አለ፣ ከሥሩም «ሕያው ታሪክ ውስጥ ይኑሩ» ይላል። ሴትየዋ የሚስተር ሉሺየስ እናት ናቸው። ማንም አላስፈቀዳቸውም። እናትየውን ቤት መሸጫ ያደረገ ጎዳና ልጅየውን በዚያው አኳኋን ተንበርክከው ቢያገኛቸው ፖሊስ ጠራባቸው።

46 ቁጥር ለዓመታት ባዶ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደረጃውን ያጠቡት ሚስተር ሉሺየስ ናቸው፣ ምክንያቱም ቤታቸው 44 ነው፣ ባለቤት የሌለውን ደረጃ ደግሞ ቅርብ ያለው ያጥባል። በዚህ ዓመት በበጋው መጀመሪያ፣ በጁን ወር፣ ብሬትና ሜሬዲት ላንግስትሮም የተባሉ ባልና ሚስት ገዝተው ገቡ። ባልየው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስለሚመላለስ ፊቱን አጣርተን አናውቀውም። ሚስትየዋ ግን በገባች በሁለተኛው ቅዳሜ አዲስ ባልዲ ይዛ ወጣችና ሚስተር ሉሺየስን እንዴት እንደሚታጠብ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አሳዩዋት። ሚስ ጀርዲን ከማዶ ሆነው «ሆዴ፣ ደረጃውን እየፈተግሽው ነው ወይስ እየዳበስሽው?» ሲሏት እየሳቀች እጅጌዋን ሰበሰበች። በጋውን ሙሉ አጠበች።

ሴፕቴምበር ላይ አቆመች። ደረጃው ሲጠቁር ሁላችንም አየን፣ ሁላችንም ታማለች አልን። ሚስተር ሉሺየስ ያጥቡላት ጀመር። ሾርባ በሳህን ያስቀምጣሉ፣ ሳህኑ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ግን አይመለስም። ሳህኑ አለመመለሱን አልተሻላትም ማለት ነው ብለን ተረጎምነው። ደረጃ ማጠብ የተማረች ሴት ያልታጠበ ደረጃ ምን እንደሚናገርም ታውቃለች ብለን ነበር። ያንን ግን ማናችንም አልነገርናትም። ለእኛም የነገረን ሰው ስለሌለ መነገር ያለበት ነገር መሆኑን አላወቅንም። ስህተታችን ይህ ብቻ ነው። እሱም በካቴና የሚያስኬድ አይደለም።

ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ እኔ የራሴን ደረጃ እያጠብኩ ሳለ ሚስተር ሉሺየስ ባልዲያቸውን በአንድ እጅ፣ በፎይል የተጠቀለለ ነገር በሌላው ይዘው ከቤታቸው ወጡ። ምን እንደሠሩላት ጠየቅኋቸው።

«የስኳር ድንች ፓይ።»

«ለእኔስ?»

«አንቺ መጀመሪያ ታመሚ።»

ከዚህ በኋላ የተጋገረውን ጣፋጭ ፓይ በበሩ ሥር አስቀመጡ፣ ዱቄቱን በላይኛው ደረጃ ላይ ነሰነሱ፣ የጆሮ መስሚያቸውን አውልቀው ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ውሃ ሲነካው ስለሚበላሽ ነው። የላይኛውን ደረጃ አጥበው ሊጨርሱ ሲሉ ሁለት የፖሊስ መኪና መጥቶ ቆመ። ባልየው ካለበት ከተማ ሆኖ በዚህ ሳምንት በሩ ላይ ባስገጠመው ካሜራ አይቶ፣ አንድ የማያውቀው ሰው ነጭ ዱቄት እየበተነ ዕቃ ጥሏል ብሎ ደውሎ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ሚስቱ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተኝታ ስለነበር መፍራቱን እረዳለሁ። የማልረዳው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ሁለት ፖሊሶች ከበስተጀርባቸው ሆነው «አንተ! እጅህን አሳይ! ከዕቃው ራቅ!» እያሉ ጮኹ። ሚስተር ሉሺየስ አልሰሙም፣ መፈተጋቸውን ቀጠሉ። እኔ ቡሩሼን ጥዬ «አይሰሙም! መስሚያቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ረጅሙ ፖሊስ ሳይዞር «ቤትሽ ግቢ» አለኝ። በዚህ ጊዜ ሚስተር ሉሺየስ እርጥቡ እብነ በረድ ላይ የሰው ጥላ አይተው ዞሩ። ሰዎቹ እየተናገሩ መሆኑ ስለገባቸው ምን እንደሚሏቸው ለመስማት እጃቸውን ወደ ሸሚዝ ኪሳቸው ላኩ። ረጅሙ ፖሊስ ሽጉጡን አውጥቶ ደረታቸው ላይ ደገነ።

እኔ ሮጬ በመካከላቸው ቆምኩ። የፖሊስን ሥራ አደናቅፈሻል ለተባለው፣ አዎ፣ ቆሜያለሁ። ነገም ቢሆን እቆማለሁ። ክንዴ ተጠምዝዞ ከግድግዳው ጋር ተጣበቅሁ፣ እጄም በካቴና ታሰረ። ሚስተር ሉሺየስን በሆዳቸው አስተኟቸው። ግንባራቸው እሳቸው ራሳቸው ባጠቡት ደረጃ ጠርዝ ተመታ፣ ደማም። መስሚያቸው ከኪሳቸው ወድቆ ሲረገጥ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ፖሊስ የዱቄቱን ጣሳ እያሳየኝ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «ጣሳው ላይ ተጽፏል፣ አንብበው» አልኩት። ከዚያ በዱላው ጫፍ ፎይሉን ቀስ ብሎ ሲገልጥ ሚስ ጀርዲን በሌሊት ልብሳቸው በራቸው ላይ ቆመው «ጠንቀቅ በል ልጄ፣ ቀረፋ አለበት፣ እንዳይፈነዳብህ!» አሉት። ማንም አልሳቀም። እሳቸውም አልሳቁም።

በዚህ ጊዜ የ46 ቁጥር በር ተከፈተ። ሜሬዲት ላንግስትሮም የሌሊት ካባ ለብሳ ወጣች። የፀጉሯ መሸፈኛ ጨርቅ ሲንሸራተት ፀጉር እንደሌላት አየን። ፊቷ እንደ ደረጃው ነጭ ሆኗል። በእጇ የሚስተር ሉሺየስን ሳህኖች፣ የታጠቡ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይዛለች። መሬት ላይ የተኙትን ሰውዬ ስታይ «ልመልሳቸው ነበር» አለች። «ደረጃውን መውረድ አቅቶኝ ነው። ማን እንደሚያስቀምጠው አላወቅኩም፣ ስነሳ ሁልጊዜ ሄዷል።» ከበሩ ካሜራ የባሏ ድምፅ «ሜር! ግቢ! ሥራቸውን ይጨርሱ!» ሲል ተሰማ። እሷም ቀና ብላ «ብሬት፣ ዝም በል፣ ምሳዬን ሲያበላኝ የከረመውን ሰውዬ ነው ያስያዝከው» አለችው።

ከዚያም ከበሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ ከባልዲው ጎን የወደቀውን ጨርቅ አንስታ፣ ደረጃው ላይ የቀረውን ደም መጥረግ ጀመረች። ረጅሙ ፖሊስ «እመቤቴ፣ ማስረጃ ነው፣ አይንኩ» አላት።

«ደረጃዬ ነው» አለች።

የቤቱ ባለቤት እንዲህ እያለች ሳለ፣ አቤቱታ ያቀረበው ባልየው ስለሆነ ተብሎ እኔንና ሚስተር ሉሺየስን በሁለት መኪና ጭነው ወሰዱን። ባልዲው፣ ቡሩሹ፣ ዱቄቱና ፓይው በማስረጃነት ተያዙ። ወደዚህ ክፍል ስገባ «አጠራጣሪ ዕቃ» የተባለው ፓይ በሚቀጥለው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ቁራጭ ጎድሎት፣ ከጎኑ ሹካ ተቀምጦ አይቻለሁ። ቃል ተቀባይዋ ሳጅን ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብለዋል። ይገናኛል። ይጻፍ።

ቃሌን ልጨርስ ስል አንድ መኮንን ገብተው፣ ባልየው አቤቱታውን ለማንሳት መስማማቱንና ሚስተር ሉሺየስ ዳግመኛ ወደ 46 ቁጥር ደረጃ እንደማይጠጉ በጽሑፍ ግዴታ ከገቡ አሁኑኑ እንደሚለቀቁ ነገሩን። መስሚያቸው ስለተሰበረ ከጆሯቸው ሥር ጮክ ብዬ እንድነግራቸው ተጠየቅሁ፣ ወዳሉበት ክፍል ተወስጄም ነገርኳቸው። ግንባራቸው ላይ ፋሻ ተደርጎላቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ ለመኮንኑ መለሱላቸው።

«አልችልም» አሉ። «ልጅቷ አልተሻላትም እኮ።»

መኮንኑ ሌላ ሰው ያጥብላት አሏቸው። «44 ቁጥር የምኖረው እኔ ነኝ» አሉ። እኔም አላስገደድኳቸውም። መታሰራቸው አቃጥሎኝ ነው ቃል ልሰጥ የተቀመጥኩት፣ ፈርመው እንዲወጡ ለመለመን ግን አፌ እምቢ አለኝ። ወረቀቱ የሚለው አንድ ሰው የታመመ ጎረቤቱን እንዳይረዳ ነው። እንዲህ ያለ ግዴታ በዚህ ከተማ ማንም ሰው እንዲፈርም ሊጠየቅ አይገባም። ያለ ምንም ግዴታ እንዲለቀቁ፣ የጆሮ መስሚያቸው እንዲተካ፣ ሽጉጥ የደገነባቸው ፖሊስም በስሙ እንዲጠየቅ አሁንም እጠይቃለሁ።

ቃሌ በግልጽ ተነብቦልኛል። «ተንበርክኮ የተገኘ ግለሰብ» ተብሎ የተጻፈው «ደረጃ ሲያጥቡ የነበሩ ሚስተር ሉሺየስ ቶሊቨር» ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። የተናገርኩት ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት እውነት ነው፣ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ። በቀረበብኝ ክስ መጥሪያ ተሰጥቶኝ መሄድ እንደምችል ተነግሮኛል። ስለዚህ ከዚህ ከወጣሁ በኋላ የምፈለግ ከሆነ አድራሻዬ ዛሬ 38 ቁጥር አይደለም፣ 46 ቁጥር ደጃፍ ነው። የላይኛው ደረጃ ታጥቧል። ሁለቱ ይቀራሉ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሬኔል ቦርድሊ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ መርማሪ ሳጅን አይሪን ኮቫክ