አንድ ሺህ አንድ ክር

ወንፊት ልዋስ ብዬ አጎቴ ቤት ጎራ ስል፣ ሸማኔው አጎቴ መቀስ ይዘው ድሩ ላይ ቆመዋል። ድሩን ስትዘረጋ የሰነበተችው ሚስታቸው እትዬ ወገቧን ይዛ ግድግዳ ተደግፋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ድር ሲያዘረጉ አንድ ሺህ ክር ያስቆጥሩና አንዲት ለበረከት ያስጨምራሉ፤ ከአባታቸው የወረሱት ነው። ጥለት የሌለውን ሜዳ ጨርቅ ሲሠሩ ችግር አልነበረውም። ዘንድሮ ግን ልትዳር የደረሰችው ልጃቸው ለመጋረጃዋ ከዳር እስከ ዳር የአበባ ጥለት አማራት። አጎቴም ለአንዱ አበባ ስምንት ስምንት ክር ሲመድቡ ዳር ላይ አንዲት ክር ብቻዋን ቀረች። ትነቀል ሲባሉ በረከት አይነቀልም፣ ትቆይ ሲባሉ ለሙሽራ ቤት ብቸኛ ክር ገድ የለውም አሉ። ጥፋቱ የእትዬ አቆጣጠር ነውና ሁሉም ተቆርጦ እንደገና ይዘርጋ ብለው ፈረዱ። ሠርጉ ደጃፍ ደርሷል፤ የእትዬም ወገብ ሌላ ድር አይችልም።

«ጋሼ፣ ደግመው ቢያዘረጉትም ያቺው ናት የምትቀረው» አልኩ። «ሺህ በስምንት እኩል ያልቃል። ትርፏ የእርስዎ በረከት ናት።»

«መጣች ምላሷ!» አሉ። «ሰባተኛ ክፍል የረገጠ ሁሉ ሸማኔ ሊሆን ነው? የዚህን ሁሉ ክር ሆድ ማን ያውቀዋል?»

«እኔ። በሰባት ይመድቡት፣ አንድም አይተርፍም።»

ሳቁብኝ። እኔም የፈለጉትን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ሳይነግሩኝ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ሁለቴ እንዲጽፉና በሰባት እንዲያካፍሉ ለመንኳቸው። ከተረፈ መቀሱን እኔው አቀብላለሁ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁ።

ጠመኔው ሲንጫጫ ቆየና ዝም አለ። ዞር ስል 358358 ይላል፤ ትርፍ የለውም። አጠፉና በሌላ ቁጥር ሞከሩ። አሁንም ምንም።

«ድግምት ነው እንዴ?»

«ስሌት ነው፣ ጋሼ። ሁለቴ መጻፍ ማለት በአንድ ሺህ አንድ፣ በድርዎ ክር ልክ፣ ማባዛት ነው። እሱ ደግሞ ሰባት፣ አሥራ አንድና አሥራ ሦስት ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር ነው። ሰባት ሁልጊዜ ሆዱ ውስጥ አለ። ስምንት ግን አይገባበትም።»

እትዬ ከግድግዳው ተላቀቀች። «እንግዲያ አልተሳሳትኩም?»

አጎቴ መቀሱን አስቀመጡ። «አልተሳሳትሽም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ። በይ አረፍ በይ።» በርጩማቸውንም ራሳቸው አቀረቡላት።

ባለ ሰባቱ አበባ እንዲያውም አማረ፦ ሦስት ከዚህ፣ ሦስት ከዚያ፣ አንዲት መሃል። ስምንት መሃል የለውም። የመጨረሻው አበባም ዳር ላይ ያለ ትርፍ ክር ተዘጋ።

እንግዲህ እኔ ልማድ ጣሉ አልልም። በረከታችሁን ጨምሩ፤ ግን ከመዘርጋታችሁ በፊት አካፍሉ። ክር አይባክንም፣ ወገብ ይተርፋል፣ ያላጠፋ ሰው አይወቀስም። አጎቴም ዛሬ አዲስ ጥለት ሲያስቡ መጀመሪያ ምላሷን ጥሩልኝ ይላሉ።

ያን ቀን ስወጣ እትዬ ልዋስ የመጣሁትን ወንፊት እጄ ላይ አኖረችው።

«አትመልሺው» አለችኝ።