ሦስተኛ ፎቅ የደረሰው እንቁላል

ይህን ወሬ ለመስማት መውረጃዬን አልፌያለሁ፤ አንድ የጠዋት ደንበኛም አምልጦኛል። ከየካ አባዶ በተነሣው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት የአንዲት የኬጂ ልጅ እናትና የልጅቷ መምህርት ናቸው።

«ሚስ፣ የሳሮንን ደብተር ገለጥኩት። ኤ ቢ ሲ ዲ የለ፣ ሆምወርክ የለ። ወሩን ሙሉ ምን ስታስተምሪያት ነበር?»

«መዘውር።»

«የአምስት ዓመት ልጅ?»

«አዎ፣ በገመድ ዕቃ ማንሣት። የሠሩትም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።»

«አውቃለሁ! አባቷን አግባብታ በረንዳችን ላይ አሰቅላዋለች። ትናንት ሃያ እንቁላል በቅርጫት ከምድር ጎትታ አወጣችበት።»

«ስንተኛ ፎቅ ናችሁ?»

«ሦስተኛ።»

«ስንቱ ተሰበረ?»

እናትየው ቦርሳዋን ከፍታ የታክሲ ሒሳብ መፈለግ ጀመረች።

«ስንቱ?»

«ምንም። ነገሩ ግን እሱ አይደለም! ዛሬ ለዳይሬክተሩ ነግሬ ልጄን ላስወጣት ነው የምሄደው። የጎረቤት ልጅ እኮ እስከ መቶ ይጽፋል።»

«ይጻፋ! እንቁላሉን ግን ማን ያወጣለታል?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

«ትቀልጃለሽ? ዳይሬክተሩ ቢያባርርሽስ?»

«ያባርረኝ። ሌላ ቦታም ሄጄ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ልጅሽን አስወጫት፤ መዘውሩን ግን እንዳታወርጂባት።»

«እሱንማ እንዴት አወርደዋለሁ? የፎቃችን ሰው ሁሉ ሽንኩርቱን ሊያስወጣበት ወረፋ ይዟል።»

«ሳሮንንስ?»

«ወረፋው ይለቅና አስብበታለሁ።»

እኔ በሆዴ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ሱቄ ድረስ ስንት ሜትር ገመድ እንደሚፈጅ አሰላሁ።