በመስኮት በኩል ያሉት ወንበሮች

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ሥራችሁን አቋርጣችሁ ለእኔ ስትሉ ስለተሰበሰባችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ኬኩን ላሰናዳችሁ፣ ወንበሩን ለደረደራችሁ፣ እህቴንም ጠርታችሁ በክብር ላስቀመጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ደስታ ብቻ ይዞኝ የቆምኩ እንዳይመስላችሁ። ፈርቻለሁ።

ጡረታውን ነው? እሱንስ ባለቤቴ ትፍራው፤ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ልውል ነው።

ለእንግዶቻችን ሥራዬን ላስረዳ። ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት የቱ ጋ እንደሚሞቅ፣ የቱ ጋ እንደሚቀዘቅዝ፣ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ በኮምፒውተር አስመስለን እናያለን። ለዚህም ሕንፃውን በዞን በዞን፣ ማለትም ሙቀቱ አንድ ዓይነት በሆነበት ቦታ በቦታ፣ እንከፍለዋለን። በግድግዳ የተከፋፈለ ቤት ቀላል ነው። አስቸጋሪው እንደዚህ እንደ ቢሯችን ያለ ክፍት አዳራሽ ነው።

ወለሉ ላይ የለጠፍኩትን ቢጫ ፕላስተር ታስታውሳላችሁ? ከመስኮቱ አራት ሜትር ገባ ብሎ የነበረውን? አዲስ የተቀጠረ ሁሉ አንድ እግሩን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጎ ይቆምበት ነበር። "ምን ተሰማህ?" እለዋለሁ። "ኧረ ምንም።" "እንግዲያው ከሰዓት በኋላ ተመልሰህ ቁም።" ያኔ ይገባዋል። መስኮቱ ሥር ያላችሁት በሸሚዝ ያልባችኋል፤ መሐል ላይ ደግሞ ንድፍ የምትሠራው፣ "ሹራቤ" የምንላት ልጅ አለች፣ ዓመቱን ሙሉ ሹራቧን የማታወልቀው። ማቀዝቀዣው ይጥፋ፣ አይጥፋ ብላችሁ ስንቴ ተኮራርፋችኋል? አዳራሹ አንድ ነው፤ አየሩ ግን ሁለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ስገባ ፕላስተሩ የለም። ለግብዣው ወለሉ ሲወለወል ተነሥቷል። ወለሉማ ያበራል፣ የጽዳት ሠራተኞቻችን ይባረኩ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ምልክቱን ፈለግሁ።

ንድፉ ሰኞ የሚፈረመውን የኩላሊት እጥበት ማዕከል ታውቁታላችሁ። አንድ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ በምዕራብ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ መስታወቱ ሥር የሕመምተኞች ወንበር። ሰሞኑን የኮምፒውተር ሞዴሉን ከፍቼ ባየው አዳራሹ በሙሉ አንድ ዞን ሆኗል። ተተኪዬን ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ግድግዳ የለውም እኮ። ምኑን ልክፈለው?"

"ፀሐይ የምትደርስበትን ለብቻ፣ መሐሉን ለብቻ። በመካከላቸው አየር እንደሚተላለፍም አስገባበት።"

"አማካዩ ሃያ አራት ዲግሪ ነው እኮ። ምን አለበት?"

ከፍዬ አሳየሁት። መሐሉ ሃያ ሁለት፣ መስኮቱ ሥር ሠላሳ አንድ። ደነገጠ፤ ቅን ሰው ነው። ክቡር ሥራ አስኪያጅ ግን፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፣ "አሁን ጊዜ የለም፣ በኋላ ይስተካከላል" አሉን። ከተፈረመ በኋላ ማቀዝቀዣው በዚያው አማካይ ልክ ይታዘዛል፣ ቱቦው ይዘረጋል። ያንን ማን ያፈርሰዋል? ያ "በኋላ" ሲመጣ እኔ ቤቴ ነኝ፣ ፕላስተሩም የለም። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እስቲ እህቴን ተመልከቷት። አክብራችሁ መስኮቱ ሥር አስቀመጣችኋት። መናገር ከጀመርኩ ወዲህ ወንበሯን ሁለቴ ወደ ጥላው ጎትታለች። አይዞሽ እትዬ፣ አንቺን ለመውቀስ አይደለም።

እትዬ ኩላሊቷን ታሳጥባለች። ያ ማዕከል ሲከፈት የምትሄደው እዚያ ነው። ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ከማሽኑ ጋር በቱቦ ተያይዛ ግማሽ ቀን ትቀመጣለች። እዚያ ወንበር መጎተት የለም።

ስጦታ እንዳዘጋጃችሁልኝ አይቻለሁ፤ ያክብርልኝ። ከእሱ ይልቅ ግን ሰኞ ከመድረሱ በፊት ሞዴሉ ላይ አንዲት መስመር አስምሩልኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎን ነው የምለምነው።

በሉ እንግዲህ። ሥራችሁ ይቃናላችሁ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ ጤና አይለያችሁ። ከመካከላችሁ ማንም ያ ወንበር የሚያስፈልገው አይሁን። ካስፈለገውም፣ ጥላ ያለበት ይግጠመው።