በአሸዋ የተቀበረ ጉልበት

ጉልበቴ ባበጠ ቁጥር ጎረቤቴ ባለሱቋ ኤዶ ሀዋ ደቻቱ ወንዝ ትወስደኝና በፀሐይ በጋለው አሸዋ ትቀብርልኝ ነበር። ግን ሁሌም ይብስብኛል። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ምርመራው ሉፐስ የሚባል በሽታ ነው አለ። ለሐኪሟ የአሸዋውን ነገር ስነግራት፣ "ፊትሽስ ተሸፍኖ ነበር?" አለችኝ።

"የታመመው እኮ ጉልበቴ ነው።"

"ፀሐይ የፊትሽን ቆዳ ሕዋሳት ትገድላለች። በሉፐስ ደግሞ የሞቱት በጊዜ ስለማይጠረጉ ሆድ ዕቃቸው ይዘረገፋል። የሰውነትሽ ዘበኞች እሱን ሲያገኙ ያንቺ ይሁን የቫይረስ መለየት ያቅታቸዋል፤ ጠላት ገባ ብለው ይጮኻሉ። ጩኸቱን ሰምቶ የወጣው ሁሉ ደግሞ ያገኘውን ይመታል፤ ጉልበትሽንም ጭምር።"

ከበሽታው ይልቅ የዘበኞቹ ነገር እያብሰለሰለኝ ሱቅ ደረስኩና ለኤዶ ሀዋ አንድ በአንድ ነገርኳት። 

"ወላሂ፣ እነሱስ ምን ያድርጉ፤ ቤት እየጠበቁ እኮ ነው" አለች። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ሻርፕ አወረደችና፣ "ነይ፣ ጉልበትሽን ልሸፍንልሽ" ብላ ፊቴ ላይ አሰረችልኝ።