የፕላስቲክ ጭስ የሚበላው ብረት

ዘመኑ ሰባ ስድስት ነበር። ክረምቱ ዝናብ ሳይጥል ወጣ፤ የቆቦ ሜዳ ሰማይ ጠርቶ ከረመ። እህላችን ስላለቀ የምንበላው ልጄ ዘነበች ቆቦ ገበያ ዳር ተቀምጣ በምታገኘው ነበር። የተቀደደ የፕላስቲክ ጫማ በጋለ ብረት እያቀለጠች ታጣብቃለች። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ብረቱን አሳየችኝ። አፉን ዝገት ቦርቡሮታል።

“የፕላስቲኩ ጭስ ነው የሚበላው” አለች። “ትኩስ እያለ ተጠርጎ ቅባት ካልጠጣ አይቆይልንም። ቀጥቃጩ አገር ለቋል፤ ሌላ የሚሠራልን የለም።”

“ቅባት ከየት ይምጣ?”

“ትናንት የሞተው በሬ ሞራ አለው።”

“በክት ቤቴ አይገባም!”

“ለብረት ነው እንጂ ለአፍ መቼ አልኩ?”

“በዚያው እጅሽ አይደል እንዴ እንጀራ የምትቆርሺው?”

ከዚያ ዓይኗን ወደ ሰሊጡ ቅል ጣለች። ለዘር ያስቀመጥኩት ነው። እኛ ቤት በረሃብ እንኳ ዘር አይነካም።

“እሱን እንዳታስቢው!” አልኳት።

“አባቴ፣ አንቱስ በምን በሬ ሊያርሱ ነው?”

ሌላ ሰው ቢለኝ በዱላ እመልስለት ነበር። የበሬዬ ሬሳ ግን ከበሩ ላይ ይታየኝ ነበር። ቅሉን አወረድኩ። እኩሌታውን ሙቀጫ ውስጥ ገልብጬ፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረግሁ ዘይቱ እስኪወጣ ወቀጥኩት። ብረቱን እሳት ላይ አግለን ጠረግነውና በዘይት የራሰ ጨርቅ ይዤ ራሴ ቀባሁት።